አርባ ሦስት ሳህን ሩዝ

ልጄ ቦራም፣ ደግ ደጉን ያሰማሽ፤ የሰው አገር ብርድ አይንካሽ። እኛ እዚህ ጄጁ ደሴት ደህና ነን፤ መንደሪኑም ለለቀማ ደርሷል።

አያትሽ ግን ተቆጥታለች። በዚያ በጭፍጨፋው ዘመን ወታደሮቹ ቤቷን አቃጥለው፣ የባሏን ጥርስ በሰደፍ አርግፈው ሲጎትቱት ያን ዕለት የገደሉት መስሏት፣ ይኸው ሃምሳ ስድስት ዓመት በዚያው ቀን የሙት ማዕድ ታቀርብለታለች። ዘንድሮ የጦሩን የድሮ መዝገብ ፎቶ እያነሱ ኮምፒዩተር ውስጥ አስገቡት። የመንደሩ ጸሐፊ የወንድ አያትሽን ስም ሲጽፍበት ወረቀቱ ወጣ። ለካ አርባ ሦስት ቀን ታስሮ ሲገረፍ ከርሞ፣ እጁን በሽቦ ጠፍረው ገደል አፋፍ ላይ ነው የረሸኑት።

ጸሐፊው፣ «እማማ፣ እንኳን ቀኑ ታወቀ» ቢላት ጠረጴዛውን በምርኩዟ መታችው።

«ዝም በል አንተ! የሌሎቹ ሚስቶች ለእስረኛ ስንቅ ሲያመላልሱ እኔ ሞቷል ብዬ ቤቴ ተቀመጥኩ። ያን ሁሉ ቀን ማን አበላው?»

የፊታችን ማክሰኞ፣ የተረሸነበት ቀን ሲውል፣ አርባ ሦስት ሳህን ሩዝ ይቅረብለት ብላለች። «አልበዛም ወይ?» ብላት፣ «ሩዝ ቆጣቢ ምራት ጣለብኝ!» ብላ ሰደበችኝ። ሳህን ከጎረቤት እየተዋስኩ ነው።

አደራሽን ማክሰኞ ደውይላት፤ «ሩዙ በዛ» እንዳትያት። ለምትወጂው ሰው የምትልኪውን ስንቅ መንገድ አያስቀርብሽ፣ ልጄ።

እናትሽ