ውሰደው ያልኩት መሰርሰሪያ

ጥቅምት 4
ልብስ ሳጥብ ዋልኩ፤ ወገቤ ተቆርጧል። አመሻሹ ላይ ከማዘጋጃ ቤት የመጣች ልጅ ምድር ቤት ሰበሰበችን። ባዶውን የዘበኛ ክፍል የጋራ ዕቃ ቤት እናድርገው ትላለች። "በአንድ ሕንፃ ሃያ መሰርሰሪያ ምን ይሠራል? ዓመት ሙሉ አልጋ ሥር ተኝቶ!" እውነቷን ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ የሱን መሰርሰሪያ ማን ነካው... እሰጣለሁ አልኩ። ቁልፉንም እኔው ላይ ጣሉት። አፌ መች ያርፋል!

ጥቅምት 6
ላወርደው ስወለውለው የሦስተኛ ፎቁ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጣ። ባሌ ታሞ ሳለ አዝሎ ደረጃውን የሚያወጣው እሱ ነበር። መሰርሰሪያውን አየና እጀታውን ዳበሰ።
"እትዬ... ልውሰደው?"
"ውሰደው እንጂ! ያንተው አይደል?"
ዓይኑ እንባ አቀረረ። ትከሻዬን ስሞኝ ሄደ። ለአንድ ቀን ውሰት ይሄ ሁሉ ምንድነው?

ጥቅምት 15
አልመለሰም። ዕቃ ቤቱ ተከፍቷል፤ መሰላል መጣ፣ የስፌት መኪና መጣ። ሰው የሚጠይቀኝ ግን መሰርሰሪያውን! "ነገ" እላለሁ። የሱ በር ድረስ ወጥቼ ይሉኝታ ይዞኝ ተመለስኩ።

ጥቅምት 19
ከነገ ወዲያ ልጅቷ ዕቃውን ልታይ ትመጣለች። የጎደለ ካለ ክፍሉን ይወስዱታል አሉ። ልቤ ተሰቅሏል። ሰጠሁ ብላ ደበቀች ቢሉኝስ?

ጥቅምት 20
ምነው አፌን በቆረጠው!
ደረጃው ላይ አገኘሁት። ጎረቤት ሁሉ ቆሟል። "የሙት ዕቃ ወስዶ ዝም! ሌባ መቼም ቀንድ የለውም!" አልኩት።
 ቤቱ ወጣና መሰርሰሪያውን ይዞ ወረደ። ገመዱን በአዲስ ቀይሮታል። እጀታው ላይ የባሌን ቅጽል ስም ጽፎበታል፤ "መሐንዲሱ"። አንድ መደርደሪያ እንኳ ቀጥ አድርጎ ሰቅሎ ስለማያውቅ ነበር እንዲያ የምንለው...
"ውሰደው አሉኝ እኮ፣ እትዬ። ተዋሰው አላሉኝም። ማስታወሻ የሰጡኝ መስሎኝ ነው።"
ምነው ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

ጥቅምት 21
ልጅቷ መጣች። "ለከተማው ምሳሌ ናችሁ!" አለች። ተጨበጨበልኝ። እሱ አልወረደም።

ኅዳር 9
ዕቃ ቤቱ ገበያ ሆኗል። መሰርሰሪያው እንኳ ከእጅ ወደ እጅ ነው፤ ዛሬ ብቻ መደርደሪያው ላይ አርፏል። ድንገት ከላይ ግድግዳ ሲበሳ ሰማሁ። ከሦስተኛ ፎቅ። የራሱን ገዝቷል ማለት ነው?
የባሌን ታቅፌ ወጣሁ። ያንተ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በለኝ... ስንቱን አሰብኩ በደረጃው ላይ። በሩን ገርበብ አደረገ። አቧራ ለብሷል። ዕቃውን አየ፣ እኔን አየ። መሰርሰሪያውን ዘረጋሁለት።
"አይ፣ እሱ የጋራ ነው" አለ። አልተቆጣም። "ሌላ ምን ልታዘዝ፣ ወይዘሮ?"
ወይዘሮ አለኝ። እኔን።