ከእማማ ብርነሽ ጠርሙስ

ሶዶ፣ ኅዳር 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

የጌታ ሰላም ቤትሽን ይሙላው። አንቺ፣ ልጆቹ፣ ቤሌ ያለው ዘመድ ሁሉ እንዴት ናችሁ? እማዬስ? እንቅልፍ ይወስዳታል? ጡቷ ላይ ያለው ቁስል ጠገግ አላለም? እኔ በአካል ደህና ነኝ።

በዚህ ሳምንት በአውቶቡሱ ረዳት እጅ ጠርሙስ አልላክሁም። እሱን እንዳትቆጪው፣ ምንም አላጎደለም። ከእንግዲህም አልልክም። ከየት እንደማገኘው ስትጠይቂኝ ሐኪም ወዳጅ አለኝ ብዬሽ ነበር፤ ውሸቴን ነው። የሥቃይ ማስታገሻው ሽሮፕ እዚህ መጦሪያው ውስጥ የማስታምማቸው የእማማ ብርነሽ ነው። የእሳቸውም ሕመም እንደ እማዬ ካንሰር ነው። ሞርፊኑ በስማቸው ከሆስፒታል ይመጣል፣ የመድኃኒቱ ቁም ሳጥን ቁልፍ የነበረው እኔ ዘንድ ብቻ ነው። ግማሹን ለእማዬ እየቀነስኩ፣ በጎደለው ስኳር የበጠበጥኩበት ውሃ እሞላበት ነበር። አራት ወር ሙሉ።

ሰበብ አላጣሁም፤ ሌባ ሰበብ አጥቶ አያውቅም። ሆስፒታሉ በሽተኛዋን ካላመጣሽ አልሰጥም አለኝ። እማዬ ደግሞ በዚያ መንገድ አውቶቡስ ላይ ተቀምጣ ሶዶ እንደማትደርስ አንቺም ታውቂያለሽ።

እማማ ብርነሽ ማቃሰት ሲያበዙ መድኃኒቱን የጠረጠረ የለም። የጸሎት ቡድኑ እህቶች፣ እየወሰዱ ካልተሻላቸው ንስሐ ያልገቡበት ነገር አለ አሉ። የእኛ ሰው ነገር እንዲህ ነው፤ ጠርሙስ ከመፈተሽ ነፍስ መፈተሽ ይቀለዋል። ሦስት ቀን ጾመው አልጋቸውን ከበቡ። እኔም እጄን ጭኜባቸው ቆሜ ነበር፣ እህቴ። አሜንም ብያለሁ። በመጨረሻ አሮጊቷ ተናዘዙ፤ አንድ ልጃቸው ቦልቴ ከባላቸው እንዳልተወለደ ተናገሩ። ወሬው እሱ ያለበት አረካ ድረስ ሄደ። በየቅዳሜው ሙዝ ይዞ የሚጠይቃቸው ልጅ ይኸው አምስት ቅዳሜ ቀረ።

ባለፈው ሰኞ ሚልክያስ የሚባል አዲስ ፋርማሲስት ሥራ ጀመረ። የመድኃኒቱ ቁም ሳጥን ላይ ሁለት ቁልፍ አስገጠመ፣ አንዱ እሱ ጋ፣ አንዱ እኔ ጋ። ሽሮፑ ሁለታችን ባለንበት ይለካል፣ ሁለታችንም እንፈርማለን። ለምን እኔን እንደመረጠ ስጠይቀው ሁሉም የሚያምኑት አንቺን ነው አለኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ትናንት ጠዋት ከአዲሱ ጠርሙስ ለክቼ አጠጣኋቸው። ያልተበረዘው መራራ ነው። ፊታቸው ተኮማተረ፣ ቀና ብለውም አዩኝ። ሚልክያስ መዝገቡን ሊያመጣ ዞር ሲል እጄን ያዙና በወላይትኛ፣ ዝግ ብለው፣ የእናትሽስ ድርሻ አሉኝ።

የእማዬን መታመም ገና በመጀመሪያው ወር አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እያለቀስኩ ነግሬያቸው ነበር። ለካ ያን ጊዜውኑ ገብቷቸዋል። ስኳር ውሃውን እያወቁ ነው የጠጡልኝ። እንግዲህ የቦልቴ ነገር እውነት ይሁን፣ ሰው ወደ ጠርሙሱ እንዳይዞር ብለው በገዛ ስማቸው ላይ የዋሹት ይሁን አላውቅም። ልጠይቃቸውም አልደፈርኩም። ልቤ ተሰብሯል፣ እህቴ።

ይህን ደብዳቤ አሽጌ ሚልክያስ ዘንድ እገባለሁ። ከሥራም ያባርረኝ፣ ፖሊስም ይጥራ። ከለቀቁኝ አረካ ሄጄ ቦልቴን እፈልገዋለሁ። ለእማዬ ሕመም ግን ምንም የለኝም።

ጌታ ሥቃይዋን ያቅልልላት፣ አንቺንም ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ሽሮፑን ስትጠይቅሽ የላክሁላት እኔ እንዳልነበርኩ ንገሪያት። ላኪዋ እማማ ብርነሽ ይባላሉ፤ በስማቸው ትጸልይላቸው።

ታናሽ እህትሽ