ብልቃጥ ውስጥ ስለተበላችው ኮሌራ

ለቀጠናው ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዳካ
ቦይሻክ 11 ቀን 1431 (በቤንጋሊ አቆጣጠር)

ጉዳዩ፦ የሰፈራችን ምርመራ እንዲደገምና የእናቴ የፉችካ ጋሪ እንዲከፈት ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. ስሜ ሞርጂና ነው፣ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት። ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ትቻለሁ፤ አጻጻፌን ይለፉኝ። ቢሮዎ ስመጣ ይህ አራተኛዬ ነው።

2. ባለፈው ሳምንት በእኛ መንደር አራት ሰው እንደ ሩዝ ውሃ የነጣ ተቅማጥ ያዘው። ሠራተኛችሁ ሐሙስ ከሰዓት ከሽማግሌው ሪክሾ ነጂ ከሞክሌስ ቻቻ ሰገራ በብልቃጥ ወሰደ። ዓርብና ቅዳሜ ቢሮ ዝግ ነው። ብልቃጡ በዚያ ሙቀት መስኮታችሁ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ቅዳሜ ሳልፍ አይቼዋለሁ። እሑድ ተመረመረ። ሰኞ "ኮሌራ የለም፣ የምግብ መመረዝ ነው" የሚል ወረቀት ተለጠፈና የእናቴ ጋሪ ታሸገ። ሞክሌስ ቻቻ እንደ ፉችካ ያለ የሚንኮሻኮሽ ጥብስ አይበላም። ጥርስ የለውም።

3. ለኮሌራ ጥናት በየሳምንቱ ከኩሬያችን ውሃ የምትቀዳው፣ እንደ ታላቅ እህት የምናያት ሻሃናራ አፓ ስነግራት ሳቀች። "አንቺ፣ የኮሌራን ጀርም የሚበላ ቫይረስ አለ እኮ። ከበሽተኛው ሆድ አብሯት ነው የሚወጣው። ብልቃጡን ሦስት ቀን ሙቀት ላይ ከተዉለት ምን ሊያስቀርላችሁ ነው?" አለችኝ። ይህን ለጸሐፊዎ ብነግረው "ደግሞ ከስምንተኛ ክፍል ወጥተሽ ስለ ቫይረስ ልታስተምሪኝ ነው?" አለ። የመለስኩለትን እዚህ አልጽፈውም። ጠረጴዛውን ስለመታሁ ግን ይቅርታ።

4. የምንጠጣው ውሃ የሚመጣበት ቧንቧ በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ነው የሚያልፈው፣ ተሰንጥቋል። የእናንተ ወረቀት ኮሌራ ካላለ ማንም አይጠግነውም። ጋሪው ከታሸገ ወዲህ ፉችካ የበላ ሰው የለም፤ ዛሬ ማለዳ ግን እናቴ ራሷ በዚያው ተቅማጥ ወደቀች። አሁን ሆስፒታል፣ ተቅማጡ ወደ ታች እንዲወርድ መሃሉ በተበሳው አልጋ ላይ ናት፣ ከሥሯ ባልዲ አለ። ጉሉኮስ ተክለውላታል። ሆስፒታሉ ሰው ያክማል እንጂ ቧንቧ አይጠግንም። ድና ብትመለስ የምትጠጣው ያንኑ ውሃ ነው።

5. ደክሞኛል፣ ክቡር ሆይ። ለመናደድም አቅም አጣሁ። የምለምንዎት ምርመራው እንዲደገም፣ የተለጠፈው ወረቀት እንዲነሳ፣ ቧንቧው እንዲጠገን ነው። ጋሪው ከሁሉም በኋላ ቢሆን ግድ የለም።

ከሰላምታና ከድካም ጋር
ሞርጂና ኻቱን
(ፊርማ)

አባሪ፦ አንድ ብልቃጥ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ። ከእናቴ ባልዲ ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የተቀዳ። እባክዎ እስከ እሑድ አያቆዩት።