የጦር ካቢኔ ለልዩ ሰርግ

ሚያዝያ 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ኦሎምፒያ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ሐዋሳ ሄዶ ለቀረው ባለቤቴ ለቀለመወርቅ፤

ሐይቁና ዓሣው እንዴት ይዘውሃል? እኔ ተመስገን ነው፤ እንዲያውም ወፍራለች እያሉ ያሙኛል። ስልኬን አላነሳ ብትል በወረቀት መጣሁብህ፤ ወረቀት ጆሮ ላይ አይዘጋም! ነገሩ አንድ ነው። ልጃችን ልዩ ግንቦት 16 ታገባለች፤ "አባዬ ካልመጣ ቬሎ አልለብስም" ብላለች። ትመጣለህ ወይስ አትመጣም? መልስ ከመስጠትህ በፊት ግን የሆነውን ስማና ሳቅ።

የሰርጉ ኮሚቴ ሃያ ሦስት ሰው ነበር። ወንድምህ ጋሼ መድሃኔ "ዘመድ እንዳይቀየም" እያሉ ያገኙትን ሁሉ አስገቡ። በየእሑዱ ቤቴ ይሞላል፣ ሽሮዬ ያልቃል፣ ሁሉም እኩል ያወራል፣ በቃ ሁሉም የየራሱን ውሳኔ ይዞ ይወጣል። እንደ ምንም ቀኑ ግንቦት 30 ተባለ። አዳራሽ ተያዘ፣ በሬ ታየ።

ያቺ የካዛንቺሷ ጎረቤታችን ከሪማ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ፣ ለሚዜዎቹ ጨርቅ ልታሳየን መጣች። ቀኑን ስትሰማ ጨርቁን አስቀመጠችው።

"ጀሚዬ፣ የሰኔ ጾማችሁ መቼ ነው የሚገባው?"

"ግንቦት ሃያ አ... ውይ!"

"እንግዲያው የሙስሊሙን ድንኳን አስፉት፤ ሥጋ የሚበላው የኛ ወገን ብቻ ነው፣ ወላሂ!"

"ቄሱን ማን አነጋገረ?" አልኩ። ጋሼ መድሃኔ እኔን አዩ፤ እኔ ያክስትህን ልጅ አየሁ፤ እሷ ጣሪያውን። ይህን ሁሉ ሰው ሰብስበን፣ ሁሉም ሌላው የጠየቀ መስሎታል!

ልዩ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለማስተርሷ የምትጽፈው መንግሥታት ጦርነት ሲመሩ ለምን ትንሽ ኮሚቴ እንደሚያቋቁሙ አይደል? ልክ እንዳንተ ብድግ ብላ ማስተማር ጀመረች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ሚኒስትሮች ለስብሰባ ይታጨቁ ነበር አለች። ቃለ ጉባኤ አይያዝም፤ አንዳንዱ ምን እንደተወሰነ ሳያውቅ ይወጣል። ኋላ፣ በፈረንጆቹ 1916፣ አምስት ሰው ብቻ ያለው የጦር ካቢኔ ተቋቋመ፤ የሚጽፍ ሰውም ተመደበለት። ከአምስቱ አብዛኞቹ የሚመሩት መሥሪያ ቤት እንኳ አልነበራቸውም፤ ለየራሳቸው ቤት ሳይሟገቱ ጦርነቱን በሙሉ እንዲያዩ።

"እኛም አምስት!" አለች። "ጋሼ፣ የቢራውን ኃላፊነት ለሌላ ሰው ይስጡና ይግቡ።"

"ቢራውንማ ሞቼ ነው የምሰጠው!"

"እንግዲያው ከካቢኔው ውጭ ነዎት።"

ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ቢራውን ሰጥተው ገቡ። እሳቸው፣ እኔ፣ ከሪማ፣ ከሙሽራው ከፋኑኤል ወገን ደግሞ እናቱ፤ አራት ሆንን። እህቱ ሔለን ትጽፋለች። አታምነኝም፣ በአንድ ከሰዓት ቀኑን ወደ ግንቦት 16 አመጣነው፤ ቄሱን ራሴ ሄጄ አነጋገርኩ፤ አዳራሹም ተገኘ። የተሰናበቱት ዘመዶች ቅር ይላቸዋል ብለን ስንፈራ፣ ለካ እሑዳቸው በመለቀቁ ደስ ብሏቸዋል!

አንድ ነገር ብቻ ቀረን። መልሱ ሆቴል ይሁን ወይስ እዚህ በተከራየሁት ቤት ግቢ? እኔና ከሪማ ግቢው አልን፤ ጋሼና የፋኑኤል እናት ሆቴል። ሁለት ለሁለት ተፋጠጥን።

"አምስተኛው አባዬ ነው" አለች ልዩ።

"ከእናትሽ ጋር እንደተኳረፈ?" አሉ ጋሼ።

"በጦርነት ጊዜ እኮ መንግሥት ተቀናቃኙንም ጠርቶ አጠገቡ ያስቀምጣል።"

ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። "ተቃውሞ የለኝም" አልኩ። ሔለን ጻፈችው።

ቀለሜ፣ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ልዩ ስለዚያ ስለሚታጨቀው ስብሰባ ስታስረዳ፣ እኔ የታየኝ የካዛንቺሱ ቤታችን ሲፈርስ የነበረው ጊዜ ነው። የት እንግባ በሚለው እኔና አንተ ተጣላን፤ ዘመድ ገባበት፣ ሽማግሌ ገባበት፣ የእድሩ ሰው ሳይቀር አስተያየት ሰጠ። ሁሉም ተናግሮ ሲያበቃ አንተ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ። እኔና አንተ ግን አንድም ቀን ለብቻችን ቁጭ ብለን አልተነጋገርንም።

ከሰርጉ ሳምንት ቀድመህ ና። ጋሼ መድሃኔ "አልጋ አዘጋጅቼለታለሁ" ይላሉ፤ አመስግነህ እለፈው። እዚህም አልጋ አለ። የመልሱን ነገር ከካቢኔው ጋር ትወስናለህ። የቀረው የኔና ያንተ ነገር ግን ካቢኔ አያስፈልገውም፤ ሁለት ሰው ይበቃዋል።

ኪዳነ ምሕረት መንገድህን ታቅናልህ፤ ለልጅህ ክንድ ሆነህ ለመቆም ታብቃህ።

ባለቤትህ
ጀማነሽ