ጽጌማርያም ማደጓን ላላመነው የመዝገብ ክፍል

ስሙን ለክብሩ ስል ለማልጠራው ፍርድ ቤት፣ ለተከበሩ የመዝገብ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ የጠና፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ ይሁንልዎ እያልኩ፣ በኩልመስክ የግብርና ባለሙያ የሆንኩት አገልጋይዎ የሻው ደሳለ እጅ እነሣለሁ።

ከአሰለች ጋር ስንፋታ ልጃችን ጽጌማርያም የአራት ዓመት ሕፃን ነበረች። ፍርድ ቤቱ ቀለብ ቆረጠብኝ፤ ተገቢም ነበር፤ በየወሩ ከደመወዜ ሲከፈል ኖሯል። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ይቁምልኝ ብዬ አመለከትኩ። ዛሬ ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ብልባላ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ራሷን ችላለች። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ሦስት ዓመት ሙሉ «ነገ ይመለሱ» እያሉ እግሬን ስላፍታቱልኝ አመሰግናለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኝ፣ ማሳ ላይ ቆሜ ስለ ዘር ሳስረዳ እንኳ ልቤ እርስዎ በር ላይ ይንቆራጠጥ ነበር።

፪. የልደት ማስረጃ አምጣ አሉኝ፤ ቀበሌው ደግሞ መዝገቡ በጦርነቱ ጊዜ ጠፍቷል አለኝ። ቢጨንቀኝ ልጅቱን ራሷን ይዤ መጣሁ። ፊትዎ ቆማ «ጌታዬ፣ ያደግኩት እኔ ነኝ» ስትልዎ፣ ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «አንቺ ማስረጃ አይደለሽም» ስላሏት የሕግ ዕውቀትዎን አድንቄያለሁ።

፫. ከሁሉ የሚበልጠው ውለታዎ ግን የክርስትና ማስረጃ መጠየቅዎ ነው። ክርስትና የተነሣችው ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ፣ አባትና ልጅ በእግራችን ሄድን። ከእናቷ ጋር ከተፋታን ወዲህ ይህን ያህል መንገድ ከእሷ ጋር ጎን ለጎን ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ድንገት ቆመችና፣ «ገንዘቡ በየወሩ ይመጣ ነበር፤ እርስዎ ለምን አልመጡም?» አለችኝ።

ቀለቡ ሲደርሳት እኔ የደረስኩ ይመስለኝ ነበር፤ ይህንኑ ነገርኳት።

«እኔ ግን በዓል በመጣ ቁጥር በር በሩን አይ ነበር» ብላ መንገዷን ቀጠለች። እኔም አንገቴን ደፍቼ ተከተልኳት።

ቄሰ ገበዝ ቃለሕይወት የክርስትና ስሟን ከነቀኑና ከነዓመተ ምሕረቱ አስታውሰው በማኅተም ጻፉልን፤ እርስዎም በመጨረሻ ተቀበሉ፤ ቀለቡ ቆመ። የመጀመሪያውን ሙሉ ደመወዜን እንደተቀበልኩ፣ ይቆረጥ የነበረውን ይዤ ብልባላ ሄድኩ። ጽጌማርያም ገንዘቡን መለሰችልኝ። «እኔም ደመወዝ አለኝ። እሑድ እሑድ ግን ይምጡ» አለችኝ። እስካሁን ሁለት እሑድ ሄጃለሁ። ምን እንደምናወራ ገና አልለመድነውም፤ ግን ምሳ አብረን በልተናል።

ደጅዎን በመጥናት ያረጀሁ፣ ለማኅተምዎ ረጅም ዕድሜ ከልብ የምመኝ፣
የሻው ደሳለ፣ ከኩልመስክ

ማስታወሻ፦ የላኩልኝ ደብዳቤ «የአመልካቹ የአባትነት ግዴታ ካለፈው ወር ጀምሮ አብቅቷል» ይላል። ልጄ ማደጓን ለማመን ሦስት ዓመት ፈጅቶብዎት፣ አባትነቴን ግን በአንድ መስመር ጨረሱት። እባክዎ ያርሙልኝ፤ ገና መጀመሬ ነው።