በስልሳ ሁለት ለመሩን ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ እንግዳወርቅ መኩሪያ
የወንዝ ማዶ ለማዶ መረዳጃ ዕድር ሊቀመንበር
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ክቡር ሊቀመንበር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ጉልበትዎ ጸንቶ፣ የደም ግፊትዎ ረግቶ፣ መኪናዎም ያለ አንድ ጭረት በር ላይ ቆማ እንደሚያገኝዎ አልጠራጠርም፤ በሚነዱበት ፍጥነት ጭረት የሚያገኛት ምክንያት የለምና።

ከቶሮንቶ እንደተመለስን የጻፉልኝ የተግሣጽ ደብዳቤ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ድረስ መጥቶ ደርሶኛል። «ከሰልፍ በመውጣት፣ ሊቀመንበርን በመቅደምና የዕድሩን ክብር በመንካት» ጥፋተኛ መሆኔን፣ በመጪው ጠቅላላ ጉባኤም በአባላት ፊት ቆሜ ይቅርታ እንድጠይቅ መወሰንዎን ተረድቻለሁ። ደብዳቤዎ ለአባላት ሁሉ ስለተላከ መልሴም ለአባላት ሁሉ ቢሆን፣ በጉዞው ላይ ላልነበሩትም ነገሩን ከሥሩ ባስረዳ አይከፋዎትም ብዬ አምናለሁ።

የባለቤቴ የሰርካለም ወንድም ይስሐቅ ቶሮንቶ ውስጥ በድንገት አረፈ። እናቱ ወይዘሮ ዕንቁ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ዕድራችን አምስት መኪና አሰልፎ ለቀብሩ ሲነሳ፣ ወይዘሮ ዕንቁ ምቹ በሆነው በእርስዎ መኪና እንዲሄዱ ተወሰነ፤ ማንም አባል ከእርስዎ መኪና እንዳይቀድምም መመሪያ ሰጡ። እስከ ድንበሩ ድረስ ችግር አልነበረም። ከናያግራ ወንዝ ድልድይ ማዶ ግን የፍጥነት ምልክቶቹ ማይልን ትተው በኪሎ ሜትር ሆኑ። ምስጋናዬም የሚጀምረው ከዚያ ስለሆነ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ከመነሳታችን በፊት በስልክ ስብሰባ ላይ፣ ካናዳ ውስጥ መቶ የሚል ምልክት ስናይ ስልሳ ሁለት ብለን እንድናስበው ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ትምህርቱ ትክክል ነበር፤ ትክክል የሚሆነው ግን መኪናዋ በማይል ስትቆጥር ነው። የእርስዎ ዘመናዊ መኪና ድልድዩን እንደተሻገረች ወደ ኪሎ ሜትር ልቀይር ወይ ብላ በስክሪኗ ጠየቀችዎ፤ እርስዎም እሺ አሏት። ከዚያ በኋላ መቶ ማለት መቶ ነበር። እርስዎ ግን መኪናዋ የለወጠችውን እንደገና ለውጠው፣ መቶ በሚነዳበት አውራ ጎዳና ላይ በስልሳ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ በእኛ አቆጣጠር በሠላሳ ስምንት ማይል ገደማ፣ መሩን።

2. ከኋላዎ አራት መኪኖች የማስጠንቀቂያ መብራት (ሀዛርድ) እያበራን ስንከተልዎ የጭነት መኪኖች ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፉን ነበር። አንዳንድ ሾፌሮች የቀብር ሰልፍ መስለናቸው በአክብሮት ቀስ አሉልን። ብዙም አልተሳሳቱም፤ የጎደለን ሟቹ ብቻ ነበር፤ እሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተኝቶ እናቱን ይጠብቃል። እርስዎ ግን የሚያልፉንን ሁሉ ተመልክተው ካናዳውያን ሕግ እንደማያከብሩ ለወይዘሮ ዕንቁ ስላስረዷቸው አመሰግናለሁ።

3. ስደውልልዎ ስልኩን ያነሳው አጠገብዎ የተቀመጠው ገንዘብ ያዣችን በፍቃዱ ነበር። ስክሪኑ ምን እንደሚል እንዲያነብልኝ ለመንኩት፤ ኪሎ ሜትር በሰዓት ይላል አለኝ። ቁጥሩን ሁለተኛ መለወጥ እንደማያስፈልግ በተቻለኝ አክብሮት ባስረዳ፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ አዲስ አበባ በኪሎ ሜትር ስነዳ አንተ ገና ታዝለህ ነበር የምትሄደው» አሉኝ። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ልጅ ስላሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የተማርኩት ፊዚክስ መሆኑ ከክርክሩ ውጭ ይቆይ፤ አንድን ቁጥር ሁለት ጊዜ አለመለወጥ ዲግሪ አይጠይቅም።

4. ቆም ብለው ወይዘሮ ዕንቁን ወደ እኔ መኪና እንዲያሻግሩልኝ ለመንኩዎ። በአውራ ጎዳና ዳር መቆም ክልክል ነው አሉ። መውጫው ላይ ነዳጅ ማደያ አለ አልኩዎ። ሰልፍ አይበተንም አሉ።

ከዚህ በኋላ ላለው ቁጥር የለኝም።

ቀኑ ቅዳሜ ስለነበረ የመቃብር ሠራተኞቹ በጊዜ ይዘጋሉ፤ ሣጥኑ ተከድኖ ከቤተ ክርስቲያን መውጣት እንዳለበት የይስሐቅ ሚስት ለሰርካለም ደጋግማ ነግራታለች። ከጎኔ የተቀመጠችው ሰርካለም ስልኩን ዘጋችና «ቅደመው፤ ደርሰን ለእማዬ እናስቁምላት» አለችኝ። ቀደምኩዎ። የእኔ አሮጌ መኪና ምንም አትጠይቅም፤ ከትልልቆቹ የማይል ቁጥሮች ሥር ኪሎ ሜትሩ በትንንሽ ተጽፎባታል። ትንሹን መቶ ተከትዬ፣ አንድም ሕግ ሳልጥስ ደረስኩ።

ሰርካለም ወንድሟን አየችው። ከዚያም ሣጥኑ አጠገብ ቆማ ቄሶቹንም፣ ቀብር አስፈጻሚዎቹንም ለመነች፤ ሰዎቹ ደጎች ነበሩ፤ ከሚችሉት በላይ ጠበቁ። በመካከሉ ወደ እርስዎ መኪና ደወለች። በፍቃዱ በእናንተ በኩል፣ ሰርካለምም በእኛ በኩል ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍተውት ስለነበር እኔም አጠገቧ ሆኜ ሰማሁ። ወይዘሮ ዕንቁ «እንግዳወርቅ፣ ልጄን ሊከድኑብኝ ነው፤ እባክህ ትንሽ ፍጠን» አሉዎ።

«እትዬ፣ የሰው አገር ሕግ ነው» አሏቸው።

ከተማ ውስጥ ሃምሳ የሚለውን ሠላሳ አንድ አድርገው ሲጓዙ ብስክሌት የሚነዳ ሰው እንደቀደማችሁ በፍቃዱ ነግሮኛል። መቃብሩ ዘንድ ስትደርሱ አፈሩ ተደልድሎ ነበር። የመኪናውን በር ራስዎ ከፍተው ወይዘሮ ዕንቁን በክንዳቸው ደግፈው አወረዷቸው፤ ለዚህም እንደሌላው ሁሉ አመሰግናለሁ።

ይቅርታውን በተመለከተ፣ ጉባኤው ላይ እገኛለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅም። በክብርዎ ላይ የፈጸምኩት በደል አንዲት እህት ወንድሟን ለመጨረሻ ጊዜ እንድታይ ማድረግ ነው። ይልቅ የሟች እናት የተሳፈረችበት መኪና ማንንም እንዲቀድም፣ ሾፌሩም ማንም ይሁን ማን እንዲቀየር የሚፈቅድ አንድ አንቀጽ በደንባችን ውስጥ እንዲገባ አጀንዳ አስይዛለሁ።

ከእርስዎ ኋላ ዳግመኛ ላለመሰለፍ የወሰነው፣ መዋጮውን ግን በጊዜው የሚከፍለው፣ ሁልጊዜም አክባሪዎ፣

ጊዲዮን አሰፋ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወይዘሮ ዕንቁ የልጃቸው ፊት በመጨረሻ ምን ይመስል እንደነበር ሰርካለምን በየቀኑ ይጠይቋታል፤ እሷ ሥራ ስትሄድ እኔን ይጠይቁኛል። እኛ መልስ ስላለቀብን የእርስዎን ስልክ ቁጥር ሰጥቻቸዋለሁ። ሲደውሉልዎ ቀስ ብለው ያስረዷቸው፤ በዚያ በኩል ልምድ አለዎት።