ስለ ያብስራ የቀትር እንቅልፍ፣ ለስልክ ጸሎቱ አስተባባሪ

ለተከበሩ ወንድም ሀብታሙ፣
ከሰኞ እስከ ዓርብ በያለንበት ሆነን በስልክ የምንገናኝበት የቀትር ጸሎት መስመር አስተባባሪ፤
ዳውንታውን አትላንታ፣ በሚሠሩበት የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ

ጤናዎ፣ ጉሮሮዎ፣ በተለይም ያ ማይክ የማያስፈልገው ድምፅዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ በሊልበርን፣ ከልጄ ከሐምራዊትና ከሰባት ወር የልጅ ልጄ ከያብስራ ጋር ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ የምለው ግን ስለ ራሴ ብቻ ነው። ደብዳቤዬ በመስመሩ ላይ ለሁሉም እንዲነበብ የፈለግኩት ምስጋና በአደባባይ ሲሆን ያምራል ብዬ ነው።

እንደሚያውቁት ሐምራዊት የሆስፒታል ነርስ ናት፤ ሌሊት ትሠራለች፣ ቀን የምትተኛውም ሕፃኑ ሲተኛ ነው። አስተኚው እኔ ነኝ። ልጁ ከአርባ ደቂቃ በላይ አልተኛ ቢል ክሊኒኩ እንቅልፉን እየመዘገብን የምንሞላው ወረቀት ሰጠን። ከዚያ እንደተማርኩት ሕፃን ጆሮውን መጎተት፣ ዓይኑን ማሸት ሲጀምር እንጂ ማልቀስ ሲጀምር አይተኛም፤ አርባ ደቂቃ ግድም ላይ ደግሞ ይገላበጣል፣ ዝም ካሉት መልሶ ይወስደዋል። ዝም ካሉት።

አንደኛ፣ ያብስራን የማስተኛው ለቀትር አርባ ደቂቃ ሲቀረው ነው። እርስዎም በቀትር መስመሩን ይከፍታሉ፤ እሱ ሲገላበጥ እርስዎ “ሃሌሉያ” ይላሉ። በሰባ ስምንት ዓመቴ ሰዓት አክባሪ ሐበሻ ያየሁት እርስዎን ብቻ ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፣ “ሚውት አድርጉ፣ ኮከብና ስድስትን ተጫኑ” ብለው በትዕግሥት አስተምረውኛል። ይህ ቁልፍ የእኔን ድምፅ ከእናንተ ይከለክላል፤ የሰማንያ ሰው ድምፅ ከእኛ ሳሎን የሚከለክለውን ቁልፍ ግን እስካሁን አላስተማሩኝም።

ሦስተኛ፣ ስልኩን ስፒከር ላይ ያደረገው ማነው ብለው መጠየቅዎ አይቀርም። እኔ ነኝ። ሐምራዊት ያሠራችልኝ የመስሚያ መሣሪያ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሽማግሌ ያስመስለኛል ብዬ ነው።

ቀጥሎ ላለው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልደፈርኩም። ልጄ ጥቁር መጋረጃ ሰቀለች፣ እንደ ዝናብ የሚንሾካሾክ ማሽን ገዛች። ወረቀቱ ላይ “ምን ቀሰቀሰው?” በሚለው አንጻር እኔ “የጎረቤት ሣር ማጨጃ” እያልኩ እሞላለሁ፤ ጎረቤታችን የሚያጭደው ቅዳሜ ብቻ ነው። ማክሰኞ ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ሞተ፤ ያብስራም ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ተኛ። “አባዬ፣ ዛሬ ደግሞ ምን አድርገህለት ነው?” ብትለኝ “እግዚአብሔር ነው” አልኳት። ለመልሴ የሃይማኖት ስህተት አያገኙበትም። ረቡዕ ስልኬን ቻርጅ አደረግኩ።

ለምን ቢሉኝ፣ አፍ ካልፈታ ልጅ ጋር ለሚውል ሰው “ጋሽ ሙላው፣ አሉ?” የሚል ድምፅ ቀላል ነገር አይደለም። ቀኑን ሙሉ ስሜን የሚጠራኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ይህን ለሁሉም ሲያነቡት አያፍሩ፤ እኔ አፍሬበታለሁ።

ትናንት ሐምራዊት ዓይኗ ደም መስሎ ወረደች። ሃይዌይ ላይ ስትነዳ እንቅልፍ ሸለብ አድርጓት እንደነበር ነገረችኝ። “ልጁ የሚነቃው ወተቴ አልበቃው ብሎ ነው፣ አባዬ። ከሰኞ ጀምሮ ጡት አስጥለዋለሁ” አለች። እኔም ጥፋቷ አለመሆኑን እያወቅኩ ሻይ አፈላሁላት።

ስለዚህ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለእርስዎ ከመላኬ በፊት ፍሪጁ ላይ፣ ከወረቀቱ ጎን ለጥፌዋለሁ። መሣሪያውንም ጆሮዬ ላይ ስላደረግኩ ኮቴዋ ከደረጃው ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ፍርዷ ምንም ይሁን ምን፣ ከሰኞ ጀምሮ በመስመሩ የምገኘው ጋራዥ ውስጥ ከቆመችው መኪና ውስጥ ሆኜ ነው። በአትላንታ ሐምሌ፣ መስኮት ዘግቶ። ሲያንሰኝ ነው።

ለድምፅዎ ጥቂት ዕረፍት የሚመኝልዎ፣ በጥፋት ግን ከእርስዎ እጅግ የሚልቅ፣ አክባሪ ወንድምዎ፣

ሙላው ካሳሁን

ማስታወሻ፦ ባለፈው ወር ለልጅ ልጄ እንቅልፍ ጸልዩልኝ ብዬ አስመዝግቤ፣ ሰማንያው ሰው በአንድነት ጮሆ እንደጸለየለት ያስታውሳሉ። መሀል ላይ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማና “ወገኖቼ፣ ጸሎቱ እየተረበሸ ነው፤ ሕፃን ያለበት ሰው ሚውት ያድርግልን” አሉ። ያብስራ ነበር።